ውርጭ ያልገደላቸው አጋዘኖች

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ ያለው ይተኛ። የዛሬው እንደ ትናንትናው የሚያስቅ አይደለም። ሳቅ የፈለገ አጎታችሁ ዘንድ ይሂድ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲስቅ ነው የኖረው። እኔ የማወራላችሁ ስለ ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት እንኳ ገና ሳይታሰብ፣ ስሙ በማይታወቅ አገር አንድ ትልቅ ተራራ ነበረ። ከአናቱ ላይ አጋዘኖች ይኖራሉ፤ ከግርጌው አዳኞች ይኖራሉ። ሣሩ ለምልሞ አጋዘኑ ሲሰባ አዳኞቹ ጦራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ድርሻቸውን ይወጋሉ፣ ሥጋውን ቋንጣ ያደርጋሉ፣ ቆዳውን አልፍተው ይለብሳሉ። አጋዘኖቹም በዚህ ብዙ አያማርሩም ነበር። አዳኝ አዳኝ ነው፤ አጋዘንም አጋዘን ነው፤ ሲፈጠር እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረ።

የውርጭ ወር ሲመጣ ግን ሌላ ሕግ ነበራቸው። ውርጭ ገባ ሲባል እያንዳንዱ አዳኝ ጦሩን ከቤቱ ምሰሶ ጋር በጠፍር ያስራል። አዲስ ሣር እስኪበቅል ድረስ አይፈታውም፤ የፈታ ሰው ከአዳኞች ማኅበር ይወጣል፣ ሰላምታም ይነፈጋል። ለምን ቢባል፣ በዚያ ወር አጋዘኖቹ ከአናቱ ላይ ብርድ አባሯቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ሰው ደጅ አጠገብ ተጠልለው ይቆማሉ። ብርድ ያመጣውን እንግዳ መውጋት ነውር ነው ይሉ ነበር የዚያ አገር ሰዎች። ሞኞች አልነበሩም። የከሳ ከመውጋት የሰባ መጠበቅ እንደሚሻልም ያውቁ ነበር።

መንጋውን የምትመራው አንዲት አሮጊት አጋዘን ነበረች። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ነው፤ ስትራመድ ጉልበቷ ይንቋቋል። ሁሉም እመይቴ ይሏታል። ውርጭ በገባ ቁጥር ልጆቿን ሰብስባ እንዲህ ትላለች፦

«ቁሙ ልጆቼ፣ ቁሙ። የቆመ ያልፋል፣ የሮጠ ያልቃል።»

እውነቷን ነው። በብርድ ወር የአጋዘን ቀለቡ ሣር አይደለም፤ በለምለሙ ጊዜ ጀርባው ላይ ያጠራቀመው ስብ ነው። ዝም ብሎ ቆሞ ከቆጠበው እስከ አዲሱ ሣር ያደርሰዋል። ከሮጠበት ግን የወራት ስንቁን በአንድ ጥዋት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ይቆማሉ። ጭራ እንኳ ሳይወዘውዙ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ውርጩ ሰልችቶት እስኪሄድ ድረስ።

አንድ ዓመት ግን ውርጩ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ገብሱ ገና እሸት ሳለ መታው፤ ማታ አረንጓዴ የነበረው ማሳ ጥዋት አመድ መስሎ አደረ። አመዳዩ ፀሐይ ወጥታም አይነሳም። ምንጩ ደነደነ። ወፎች ከዛፍ ላይ እየደረቁ ወደቁ። ሰዉ እሳት ዳር ተጠግቶ፣ የቀረችውን እህል እየቆነጠረ፣ «ዘንድሮን ያሳልፈን» ማለት ብቻ ሆነ ሥራው።

በዚያ መንደር ጓንጉል የሚባል አዳኝ ነበር። እንደ እሱ ጦር የሚወረውር የለም፤ እንደ እሱ የሚኮራም የለም። ሚስቱ ዘርትሁን ሕፃን ልጅ ታቅፋ ነበር፤ የቤቱ እህል ሲያልቅ የእሷም ጡት ደረቀ። ልጁ ያለቅሳል፤ ከዚያ ማልቀስም አቃተው።

ታዲያ ጓንጉል ምን ያደርግ መሰላችሁ? በየጥዋቱ ባዶ ድስት ይጥዳል። ከሥሩ እርጥብ ጭራሮ ይማግድና ጭሱ በጣሪያው እንዲወጣ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲያየው ያደርጋል። ጎረቤት «እንዴት ከረማችሁ?» ሲለው፣ «ተመስገን፣ ጠግበናል» ይላል። ኩራት እራቴ ነው ይላል ሰው፤ ለልጁ ምን እንደሚያቀርብለት ግን እንጃ።

ዘርትሁን አንድ ቀን ቢከፋት እንዲህ አለችው፦

«አባ ይርዳው ቤት የምትታለብ ፍየል አለች። ሄደህ ለሕፃን ብትላቸው እምቢ ይሉሃል?»

«ጓንጉል ለመነ ከሚባል ሞቴ ይሻለኛል።»

«የአንተስ ሞት ይሁን። ልጁ ምን በወጣው?»

ጓንጉል ጭራሮውን ቆሰቆሰ።

በዚያው ሰሞን ቀበሮዋም ተርባለች። የቀበሮ ቀለቧ ፍልፈል ነው፤ ፍልፈል ደግሞ በውርጭ ከጉድጓዱ አይወጣም፣ መሬቱም ጠጥሮ አይቆፈርላትም። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣበቀ። እየዞረች ስታሸት፣ የጓንጉልን ጭስ አየችና አጥሩ ሥር መጥታ ቁጭ አለች።

«እንደምን አደርክ አያ ጓንጉል።»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«ጭስህን አይቼ መጣሁ። ጭሱስ ደህና ነው፤ ሽታ ግን የለውም።»

ጓንጉል ፊቱ ጠቆረ። ወዲያና ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለሰው እንዳትነግሪ።»

«ለማን ብዬ። እኔስ የምጥደው ድስት አጥቼ ነው እንጂ መቼ ከአንተ እሻላለሁ። ግን ይገርመኛል፣ ሥጋ ደጅህ ተሰልፎ ቆሞ አንተ ውሃ ታፈላለህ።»

«ጦሬ ታስሯል። ሕጉን አታውቂም?»

«ጦሩ ይታሰር፤ ማን ፍታው አለህ? ውሾችህ ታስረዋል ወይ?»

«ውሾቼማ አልታሰሩም።»

«እንግዲያው ልቀቃቸው። እነሱ ያባርሩ፣ አጋዘኑ ይሩጥ። ደካማው አይቀርም፣ ይወድቃል። ነፍሱ ሳትወጣ ድረስና በቢላህ ባርከው። ሆድ ዕቃውን ለእኔ ትጥልልኛለህ፣ ሥጋው ያንተ ነው። ጦር አልፈታህ፣ አጋዘን አልወጋህ፤ መሮጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

ጓንጉል አሰበ። ሰው መቼም ልቡ የፈለገውን ነገር «ሕግ አይከለክልህም» ሲሉት ደስ ይለዋል። ሕጉ ስለ ጦር ይናገራል እንጂ ስለ ውሻ የተናገረው ነገር የለም። የድሮ ሰዎች ስለ ውሻ ያልተናገሩት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው ስላላሰቡ ነበር፤ እሱ ግን የፈቀዱለት መሰለው።

ውሾቹን ለቀቀ። አጋዘኖቹ አስታው ውስጥ ተጠጋግተው ቆመው ሳለ ውሾቹ እየጮሁ ገቡባቸው። በውርጭ ወር ውሻ ሲመጣባቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ደንግጠው ሮጡ። እመይቴ ከኋላ «ቁሙ ልጆቼ፣ ቁሙ» እያለች ተጣራች፤ ማን ይስማት። አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን አመዳዩ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ መነሣትም አቃተው። ጓንጉል ደረሰ፣ በስመ አብ ብሎ ባረከው፣ ተሸክሞም በጓሮ በር ወደ ቤቱ አስገባው። ቀበሮዋ ድርሻዋን በላች።

ዘርትሁን ሥጋው ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። ልጅ እየሞተባት ያለች እናት አትጠይቅም። ቀቀለችው። መረቁ ግን ውሃ ነው፤ አንዲት ጠብታ ስብ አይታይበትም። ሥጋው የተቀቀለ ጠፍር ነው። ጓንጉል ቅልጥሙን ለሚስቱ አስቀርቶላት ነበርና በድንጋይ ፈለጠው። ከውስጡ የወጣው ነጭ መቅን አይደለም፤ ቀይ ውሃ ነው፣ ተንጠባጥቦ ምድጃው ላይ ፈሰሰ።

«ይኼ አጋዘን ተርቦ ነበር» አለች ዘርትሁን። «ከእኛ የባሰ ተርቦ ነበር።»

ጡቷ አልተመለሰም። ጓንጉል ግን «አንድ ስለሆነ ነው፤ ሁለት ቢሆን ይበቃ ነበር» ብሎ ራሱን አታለለ። ቀበሮዋም በማግስቱ አጥሩ ሥር ነበረች።

«ዛሬስ አያ ጓንጉል? ጦር አልፈታህ፣ አጋዘን አልወጋህ፤ መሮጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

ዳግመኛ ውሾቹን ለቀቀ። ይኸኛዋ ሴት ነበረች፤ ሆዷ ከብዷት ሩቅ ሳትሄድ ወደቀች። ባረካት፣ ወደ ቤት አመጣት። ዘርትሁን ቢላ ይዛ ሆዷን ስትከፍት ውስጧ ግልገል አገኘች። ሰኮናው ገና ለስላሳ ነው፤ ጸጉር ሊያበቅል ጀማምሯል።

ዘርትሁን ቢላዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን አወለቀችና ግልገሉን አለበሰችው። እጇን በአመድ አሸችና ከልጇ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

«እኔ ከዚህ አልበላም» አለች።

«ለልጁ ብለሽ ብዪ እንጂ።»

«ለልጁ ብዬ ነው የማልበላው። የሌላዋን ማኅፀን ቀድጄ ለራሴ ልጅ ወተት አልለምንም። እግዜርስ ምን ይለኛል?»

ጓንጉል ያን ቀን ሥጋው አልወረደለትም። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ውሸት አልነግራችሁም፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀበሮዋ በሦስተኛው ስትመጣ «በቃኝ» አላት። «ሥጋቸው ሥጋ አይደለም። ነፍሰ ጡር ናቸው። ይቅር።»

«ይቅር ካልክ ይቅር» አለች ቀበሮዋ። «እኔም በየደጁ እየዞርኩ የጓንጉል ጭስ ሽታ የለውም እላለሁ፤ ሥራ ፈትቼ አልውል።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰውየው የተሰበረው። ሚስቱ ያለችውን ሰምቷል፣ የግልገሉን ሰኮና አይቷል፤ ግን ባዶ ድስቱ እንዳይታወቅበት ሲል እንደገና ውሾቹን ጠራ።

በዚያ ቀን ግን ሌላ ነገር ሆነ። እመይቴ አልተኛችም ነበር። የተቀሩትን ሰብስባ እንዲህ ብላቸው ነበር፦ «ልጆቼ፣ ውሻ የሮጠን እንጂ የቆመን አይጥልም። ጦር ከኋላው የሌለ ውሻ አፍ ብቻ ነው። እርጉዞችና ግልገሎች መሐል ግቡ፤ ቀንድ ያላችሁ ወደ ውጭ ዙሩ። የቆመ ያልፋል፣ የሮጠ ያልቃል።»

ውሾቹ መጡ። አጋዘኖቹ ክብ ሠርተው ቀንዳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ውሾቹ ዞሩ፣ ጮሁ፣ ደግሞ ዞሩ። አንደኛው ቀረብ ቢል ቀንድ ጎኑን ነካው፤ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ሸጉጦ ወደ ጌታው ተመለሰ፣ ሌላውም ተከተለው። ጓንጉል ከሩቅ አየ፤ ሆዱ ባዶ ቢሆንም በልቡ ደስ አለው። ውሾቹን ጠርቶ ወደ ቤቱ ገባ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አጋዘኖቹ እስከ ሣሩ በደረሱ፣ እኔም ዛሬ የሚያስቅ ተረት በነገርኳችሁ።

ቀበሮዋ ግን ሆዷን ማን ይሙላላት? ብቻዋን ወደ መንጋው ሄደች፤ አጋዘን ቀበሮ አይፈራም፣ ምን ታደርገዋለች። አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ሆና ተጠጋች።

«እመይቴ፣ ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁ። ጓንጉል ጦሩን ፈታ።»

«ውሸት ነው» አለች አሮጊቷ። «የዚህ አገር ሰው በውርጭ ጦር አይፈታም። እናቴም የእናቴም እናት በዚህ ወር ጦር አላዩም።»

«በዓይኔ በብረቱ አይቼ! ሲስለው ነው ትቼው የመጣሁ። እንዲህ ተሰብስባችሁ ከቆማችሁ አንዷንም ሳይስት ይወጋችኋል።»

«ሕግ አለው።»

«ሕግ ካለው ታዲያ ውሾቹን ማን ለቀቀብሽ?»

ጓንጉል ጦሩን እንዳልፈታ እኛ እናውቃለን፤ ቀበሮዋም ታውቃለች። ነገር ግን ደጁ ላይ የተጠለለን እንግዳ በውሻ ያሳደደ ሰው ነገ ጦር አይፈታም ብሎ የሚምልለት ማን ነው? አንዴ የተሸረሸረ እምነት እንዲህ ነው፤ ውሸታም በቀላሉ ይገባበታል።

መንጋው ውስጥ ቀንዱ የረዘመ፣ ልቡ ያበጠ አንድ ጎረምሳ ነበር። «እኔ እዚህ ቆሜ አልወጋም» አለ።

«ቁም ልጄ» አለች እመይቴ። «ብትሮጥ ወዴት ትደርሳለህ? ወደ ላይ ውርጭ ነው፣ ወደ ታች ሰው ነው። የቆመ ያልፋል።»

«አንቺ አርጅተሻል። መሮጥ ስላቃተሽ ነው ቁሙ የምትይን።»

ይኼን ብሎ ተፈተለከ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው መቆም አይሆንለትም፤ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው። መንጋው ሁሉ ተከተለው። እርጉዞቹ ሮጡ፣ ግልገሎቹ ሮጡ፣ ያላባረራቸውን ጦር ሸሽተው ወደ ተራራው አናት፣ ነፋሱ ወደሚያፏጭበት ወጡ። የቆጠቡትን ስብ እዚያ ዳገት ላይ ጨረሱት። አናቱ ላይ ሲደርሱ የሚጠለሉበት ቁጥቋጦ የለም፣ የሚነጭ ነገር የለም፣ ለመመለስም ጉልበት የለም። መጀመሪያ የወደቀው ያ ጎረምሳ ነው። ቀጥሎ እርጉዞቹ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ውርጩ በላያቸው ላይ ነጠላ አለበሳቸው።

በማግስቱ የመንደሩ ሰዎች አሞራ ሲዞር አይተው ወደ ላይ ወጡ። ያን ሁሉ አጋዘን ተዘርሮ ሲያዩ ቢላቸውን መዘው እየሮጡ ነፍስ ያለው ፈለጉ፤ ነፍስ ካለው ይባረካል፣ ይበላል። ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ፣ አፍንጫቸውን እየዳበሱ፣ ደረታቸው ላይ ጆሯቸውን እየለጠፉ። አንድም አልተገኘ። ሁሉም በክት ሆነዋል። በክት ደግሞ የዚያ አገር ሰው ቢሞት አይቀምስም።

እንግዲህ አስቡት። ተራራው ሙሉ ሥጋ፣ ግርጌው ሙሉ ረኃብተኛ። ቢላቸውን ወደ አፎቱ መልሰው ወረዱ። ሲወርዱ ያለቀሱም ነበሩ።

ቀበሮዋ ግን በክት አትል፣ ጾም አትል። በላች፣ ተኛች፣ ተነሥታ በላች። ሆዷ መሬት እስኪነካ በላች። ያ ሁሉ ሥጋ ግን ይሸታልና፣ በዚያ ብርድ ዝር ብለው የማያውቁ ጅቦች ከቆላው ሽቅብ ወጡ። ቀበሮዋ አየቻቸውና ልትሮጥ ተነሣች፤ ሆዷ አላስኬዳት አለ።

«አያ ጅቦ» አለች፣ «ይኼን የሚያህል ሥጋ ተዘርግቶልህ እኔን ሚጢጢዋን ምን ትሠራኛለህ?»

«እሱ ቀዝቅዟል» አለ ጅቡ። «አንቺ ትኩስ ነሽ።»

ቀበሮዋም እዚያው አለቀች። ደስ አላችሁ? እኔ ደስ አላለኝም። እሷ ብትሞት ከሞቱት አጋዘኖች አንዱም አልተነሣ።

እመይቴስ? እመይቴ ከኋላ ቀርታ ነበር፤ ጉልበቷ አላስሮጣትም። ሁለት ለጋ እርጉዞች ሩጫው መሐል ግራ ገብቷቸው ወደ እሷ ተመለሱ። ያን ተራራ ማመን እንደማይቻል አሁን ገብቷታልና፣ በጀርባው በኩል በገደሉ ሥር ይዛቸው ወረደች፤ ቀስ እያለች፣ እያሳረፈቻቸው፣ አንዲት እርምጃ ሳታስሮጣቸው። ከሥር ያለው ወንዝ ዳር ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ማዶ አሻገረቻቸው። «እዚያ ቁሙ» አለቻቸው፤ ራሷ እዚሁ ዳር ተኛች፣ አልተነሣችም።

ሰዎቹ ከተራራው እንደወረዱ አባ ይርዳው የአዳኞቹን ማኅበር ሰበሰቡ። አባ ይርዳው የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ ጺማቸው ነጭ፣ ንግግራቸው አጭር። «ማን ነው መንጋውን ያስሮጠው?» ብለው ጠየቁ። ዘርትሁን ከሴቶቹ መሐል ባሏን አየችው። ጓንጉል ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጦር አልፈታሁም። ውሾቼን ነው የለቀቅኩ።»

«ለምን?»

«ቤቴ እህል አልነበረም። ልጄ ሊሞትብኝ ነበር።»

«ለምን ወደ እኔ አልመጣህም?»

ጓንጉል መሬት መሬት አየ። «አፈርኩ አባቴ።»

አባ ይርዳው እንዲህ አሉ፦ «በየጥዋቱ ጭስህን እያየሁ፣ እሰይ፣ የጓንጉል ቤት ዛሬም ይበስላል፣ እል ነበር። ለተቸገረው ቤት ሁሉ ልኬ፣ ወዳንተ ሳልልክ የቀረሁት በጭስህ ምክንያት ነው። ፍየሌ እኮ ወተቷ ተርፎ ለድመት እንሰጥ ነበር።»

ዘርትሁን ይኼን ስትሰማ አለቀሰች። በዚያው ቀን ወተቱ መጣላት፤ ልጁም ከስቶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ፣ ተረፈ። ወተቱ እኮ ከመጀመሪያውም ሦስት አጥር ተሻግሮ ነበር ያለው።

ሰዎቹ ፍርድ ጠበቁ። አባ ይርዳውም ፈረዱ፦

«ልጄ፣ ከማኅበር ውጣ እንዳልልህ የአዳኝ ማኅበር ከእንግዲህ ምን ያድናል? ጦርህን አምጣ እንዳልል ምን ልትወጋበት? የምንነሳህ ነገር አላስቀረህልንም። ሂድና ጥራቸው። ሲመለሱ ያን ጊዜ አንተም ተመልሰህ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

ዝናቡ ዘነበ። ሣሩ በቀለ፤ እንደዚያ ዓመት ለምልሞ አያውቅም፣ የሚግጠው የለማ። ጓንጉል የአሞሌ ጨው ተሸክሞ ወደ አናቱ ወጣ፣ አጋዘን ጨው እንደሚወድ ያውቃል። ሰባብሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘረጋላቸው። ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ተራራ ላይ፣ እነዚያ ሁለቱ ይታያሉ፤ ከኋላቸው ግልገሎች አሉ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጠራቸው። ቀና ብለው አዩት። ጨውም ሸቷቸዋል፣ ሣሩም ታይቷቸዋል። ትንሽ አዩትና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሳይሮጡ፣ ቀስ ብለው ከዓይኑ ራቁ።

በዓመቱም ወጣ፣ ጠራ። በሌላውም ዓመት። እነሱ ማዶ እየበዙ ሄዱ፤ እሱ ወዲህ እየሸበተ ሄደ። ሲደክመው በፍየል ወተት ያደገው ልጁ ጨውን ተሸክሞ አብሮት ይወጣ ጀመር። እሱ ሲሞት ልጁ ብቻውን ወጣ። ዝናቡ ጨውን አሟሙቶ ድንጋዩን አነጣው እንጂ የላሰው የለም።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ከዚህ የሚያልፍ ካለ ነፋሱን ጠይቁት። የዚያ አገር ሰዎች ግን እስከ ዛሬ፣ አንድ ሰው በችግር ጊዜ የገፋውን በደህና ጊዜ ሲፈልገው ባዩ ቁጥር እንዲህ ይላሉ፦

በውርጭ ያባረሩት፣ በለምለም ቢጠሩት አይመጣም።